«ወንድ ነው» የተባለው ሐረግ፦ ከጅማ ግቢ አንድ ጉዳይ

አክስቴ የደወለችልኝ ገጀራውን አስለታ ከጨረሰች በኋላ ነው። «ልጄ፣ ይሄን ሐረግ ዛሬ ላስቆርጠው ነው» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አበባ ብቻ! ወንድ ነው ብለውኛል።»

ጊዜው ሰኔ 2015 ዓ.ም. ነው። ሐረጉ ደግሞ ፓሽን ፍሩት ነው። በ2012 ክረምት ጎረቤቷ ሐጂ አንድ ቁራጭ ሰጥተዋት ከአጥሩ ሥር ተከለችው። በዓመቱ አጥሩን ያዘ። በሁለተኛው ዓመት ማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ቡና የሚፈላበትን ጥግ ጥላ አደረገለት። ቅጠሉ ይወዛል፣ አበባው መንገደኛ ያስቆማል። ፍሬ ግን አንድ እንኳን የለም። ዛሬ የፈካው አበባ በማግስቱ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ከነአንገቱ ይረግፋል። ግቢ የሚጠርገው ልጅ ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያ ይሰበስበዋል።

«እስክመጣ ብቻ ጠብቂኝ» አልኳት። ጠበቀችኝ። ሐረጉን ለማዳን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ፈጀብን። ምክንያቱን ስናገኘው ግን በጣም ቀላል ነበር። በጅማ ብዙ ግቢ ውስጥ ይሄው ነገር እንዳለ ስላየሁ ነው ከነስህተታችን የምጽፈው።

ሐረጉና ቦታው

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከመጋቢት እስከ መስከረም ድረስ ዣንጥላ ከእጅ አይጠፋም። አፈሩ ቀይ፣ ጥልቅ፣ ትንሽ ኮምጣጣ ነው። ለቡና የተመቸ አገር ለፓሽንም አይከፋም። ፓሽን የተገኘው ከደቡብ ብራዚል፣ ከፓራጓይና ከሰሜን አርጀንቲና ነው። ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃ ይወዳል፣ ሥሩ ላይ ውሃ ሲተኛበት ግን ይሞታል። ሥሩ ወደ ታች ብዙ አይሄድም፣ ከላይ ነው የሚሰራጨው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሲበስል ወይን ጠጅ የሚሆነው ነው። ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል። ሁለተኛው ቢጫ የሚሆነው ነው። ሙቀት ይወዳል፣ ፍሬውም ከፍ ይላል። የአክስቴ ሐረግ ቢጫው ነው። ግንዱና የሚጠመጠምባቸው ቀጫጭን ክሮች ቀላ ይላሉ። በሁለቱ መካከል ሌላም ልዩነት አለ። ለእኛ ነገሩን ሁሉ የፈታው እሱ ስለሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። «ፓሽን» የሚለው ስም የመጣው ከክርስቶስ ሕማም ነው። ደቡብ አሜሪካ የገቡት የስፔን ሚሲዮናውያን በአበባው ውስጥ ሕማማቱን አዩበት። ዙሪያውን የከበቡት ክሮች የእሾህ አክሊል ናቸው አሉ። አምስቱ ብናኝ ተሸካሚዎች አምስቱ ቁስሎች፣ ከላይ ያሉት ሦስት ዘንጎች ደግሞ ሦስት ችንካሮች። ይሄን ለአክስቴ ስነግራት አበባውን በእጇ ይዛ ዝም አለች። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ» አለች፣ አምስቱን ብናኝ ተሸካሚዎች አንድ በአንድ እየነካች። «ችንካሮቹማ አምስት ናቸው።» እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በእሷ አቆጣጠር ነው የማያቸው። ገጀራውም በዚያው ቀን ወደ ጓዳ ተመለሰ።

ምን ምን ተጠረጠረ

«ወንድ ነው» የሚለው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ፓፓያ የተከለ ሰው ሁሉ ወንድ ፓፓያ ያውቃል። አበባውን አንጠልጥሎ ይኖራል፣ አያፈራም፣ ይቆረጣል። ፓሽን ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ አበባ ውስጥ ወንዱም ሴቱም አለ። አምስቱ ብናኝ ተሸካሚዎች ወንዶቹ ናቸው። ከላይ ጫፋቸው እንደ ቁልፍ የሚያብጠው ሦስቱ ዘንጎች ሴቶቹ ናቸው። ከሥራቸው ያለችው ትንሽ አረንጓዴ እንቁላል የምትመስል ነገር ፍሬ የምትሆነው ናት። የአክስቴ አበባ ሁሉም ነበረው። ስለዚህ ወንድ የሚባለው ወደቀ።

አንዲት ጎረቤት «ዓይን ነው» አሉ። በር ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይታያል፣ አበባው ደግሞ ያምራል። አክስቴ ይሄን ሰምታ ሐረጉን በጨርቅ ልትሸፍነው ምንም አልቀራትም ነበር።

እኔ ደግሞ ፍጉን ጠረጠርኩ። ሥሩ አጠገብ በየጊዜው የከብት ፍግ ይደፋል። ፍግ ሲበዛ ተክል ወደ ቅጠል ያደላል፣ አበባ ይቀንሳል። ግን ይሄ ሐረግ አበባ አልጎደለውም። የጎደለው ፍሬ ነው። ሁለቱ የተለያየ በሽታ ነው፤ ያኔ ለይቼ ባየው ኖሮ አንድ ወር አተርፍ ነበር። ፍጉን አስቀነስኩ። ምንም አልተለወጠም።

እኔ የሠራሁት ስህተት

ሐምሌ ላይ ጅማ ገባሁ። በእጄ አዳቅለዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወጥቼ አበባዎቹን ፈለግኩ። ሁሉም ወይ እንቡጥ ናቸው ወይ የትናንት የጠወለጉ። እንቡጦቹን በጣቴ ከፍቼ ብናኝ ለመቀባት ሞከርኩ። ረገፉ።

ከላይ ያልኩት ልዩነት ይሄ ነው። ወይን ጠጁ ፓሽን ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፣ እኩለ ቀን ገደማ ይዘጋል። ቢጫው ግን እኩለ ቀን ላይ ነው የሚከፈተው፤ ማታ ይዘጋል። አንድ አበባ ያለው ዕድሜ ያቺው ከሰዓት ብቻ ናት። እኔ ያነበብኩት ስለ ወይን ጠጁ ነበር። በቢጫው በር ላይ በስድስት ሰዓት ፈንታ በሁለት ሰዓት ቆሜ አንኳኳሁ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ወንበር አውጥቼ አንድ እንቡጥ ፊት ተቀመጥኩ። ይሄን ላላየ ሰው መንገር ደስ ይለኛል። እንቡጡ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወለል ይላል። ክሮቹ ከሥራቸው ወይን ጠጅ፣ ከጫፋቸው ነጭ ናቸው፣ እንደተፈተለ ጥጥ ይንጨባረራሉ። ሽታው ግቢውን ይሞላል። ሦስቱ ሴት ዘንጎች በዚህ ሰዓት ወደ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይታጠፋሉ፣ ከብናኙ ጋር እኩል እስኪሆኑ። ያን ጊዜ ነው አበባዋ የተዘጋጀችው። አንዳንድ አበባ ላይ ሦስቱም ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። እነዚያ ብዙውን ጊዜ አያፈሩም፣ ሰው ባይደክምባቸው ይሻላል።

የታጠፉትን መርጬ የአበባውን ብናኝ በራሱ ዘንጎች ላይ በጥጥ ቀባሁ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ መጣ። የፓሽን ብናኝ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይፈነዳል። ከተቀባ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ደረቅ አየር ይፈልጋል። በሐምሌ በጅማ ሁለት ሰዓት ደረቅ አየር ማግኘት ዕድል ነው። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እንዲሁ ሆነ። «ዝናቡ ነው ችግሩ» ብዬ ደምድሜ ተመለስኩ። ግማሽ እውነት ነበር።

የሐጂ ወሬ

ኅዳር 2016 ላይ ሰማዩ ሲጠራ ተመለስኩ። የአክስቴ ግቢ ቡና ተሰጥቶበታል፣ ሽታው ደጃፍ ድረስ ይደርሳል። ሐጂ ከሰዓት ቡና ሊጠጡ ገቡ። እሳቸውም ቤት ያለው ሐረግ እንደማያፈራ ያኔ ነው የሰማሁት። ከእሳቸው የወሰዱ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም እንደዚሁ።

«እርስዎ ከየት ነው ያመጡት?» አልኳቸው።

«ከዘመዴ ቤት ነው፣ ወደ ጅሬን መውጫ። እዚያማ ፍሬው መሬት ላይ ይንጋለላል! ሲያፈራ በዓይኔ አይቼ ነው የቆረጥኩት።»

«እዚያ ስንት ሐረግ ነው ያለው?»

ትንሽ አሰቡ። «አራት አምስት ይሆናል። ከዘር ነው ያበቀሉት፣ ከጁስ ቤት ዘር አምጥተው። እኔ ደህናውን መርጬ ከአንዱ ቆረጥኩ።»

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነበር። ያው ተክል እዚያ ያፈራል፣ እዚህ አያፈራም። አፈሩ አንድ ነው፣ ዝናቡ አንድ ነው። የተለየው ጎረቤቱ ነው።

ቢጫው ፓሽን የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ብናኙ ሴቷ ዘንግ ላይ ቢያርፍም ታውቀዋለች፣ ወደ ውስጥ አታሳልፈውም። የግድ ከሌላ ሐረግ መምጣት አለበት። ወይን ጠጁ እንዲህ አያስቸግርም፣ በራሱ ያፈራል። ጅማ ያደገ ሰው ደግሞ የሚያውቀው የቡናን ነው። የእኛ ቡና ብቻውን በጓሮ ቢቆምም በራሱ ብናኝ ያፈራል። አንድ እግር ቡና ተክሎ የለቀመ ሰው፣ አንድ እግር ፓሽን ለምን እንደማያፈራ ቢጨንቀው አይገርምም።

እሺ፣ አክስቴ አንድ ሐረግ ብቻ ነው ያላት። ግን ሐጂም አጥር ለአጥር ናቸው፣ ሌሎቹም ጎረቤቶች እዚያው ሰፈር። ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ለምን አልሆነም? ምክንያቱም አራቱም ግቢ ያለው ሐረግ አንድ ሐረግ ነው። ከአንድ እናት የተቆረጠ ቁራጭ ልጅ አይባልም፣ እናትየዋ ራሷ ናት። መቶ ቦታ ቢተከል መቶ ቦታ ያለው ያው አንዱ ተክል ነው። ሰፈሩ በፓሽን ተሞልቶ ሐረጉ ግን ብቻውን ነበር።

ይሄን ስነግራቸው ሐጂ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ነኛ ያስቸገርኳችሁ!» አሉ። አክስቴ «ኧረ ሐጂ፣ እርስዎ በበጎ ሰጡ እንጂ» ብላ ሁለተኛውን ቀዳችላቸው።

በክር የተደረገው ፈተና

ግምት ብቻውን አይበቃም። በማግስቱ ከግቢ ጠራጊው ልጅ ጋር ወደ ጅሬን መንገድ በባጃጅ ሄድን። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና የተከፈቱ አበቦችን ከሌሎቹ ሐረጎች ላይ ቀጠፍን። ሐጂ ከቆረጡበት ከዚያኛው አልነካንም። ደረቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገን ስምንት ሰዓት ሳይሆን ተመለስን።

በአክስቴ ሐረግ ላይ ዘንጎቻቸው በደንብ የታጠፉ አበቦች መረጥን። ሦስት ቀን ተመላልሰን ነው የጨረስነው፣ ምክንያቱም በአንድ ቀን የሚበቃ አበባ አይፈካም። አሥሩን በራሳቸው ብናኝ ቀብተን ቀይ ክር አሰርንባቸው። አሥሩን ከጅሬን በመጣው ብናኝ ቀብተን ነጭ ክር አሰርን። አቀባቡ ቀላል ነው። የመጣውን አበባ ቅጠሎች ወደ ኋላ ትገነጥላላችሁ፣ ብናኝ ተሸካሚዎቹ ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ ሦስቱን ሴት ዘንጎች ጫፍ በእነሱ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ቢጫው ዱቄት ጫፉ ላይ ተጣብቆ ይታያል። ሦስቱንም መንካት ያስፈልጋል።

በሳምንቱ ቀይ ክር የታሰረባቸው አሥሩም ረግፈው ነበር። ነጭ ክር ከታሰረባቸው ሰባቱ ቆዩ። ያቺ ትንሽ አረንጓዴ እንቁላል መጀመሪያ እንደ ሽንብራ፣ ከዚያ እንደ እርግብ እንቁላል አደገች። አክስቴ ጠዋት ጠዋት እየወጣች ክሮቹን ትቆጥር ነበር። ወደ ከተማ ስመለስ ስልክ ስትደውልልኝ ሰላምታ ሳትጨርስ «ሰባቱም አሉ» ትለኝ ነበር።

ንቧስ?

በየቀኑ ሰው በጥጥና በክር ሊኖር አይችልም። ሥራው የንብ ነው። በአክስቴ ግቢ የማር ንብ ሞልቷል፣ ሐጂ ቀፎ አላቸው። ቆሜ ሳይ ግን የማር ንቧ ትንሽ ናት። ከሥር ገብታ ብናኙን ጠራርጋ ትወስዳለች፣ ከላይ ያሉት ሴት ዘንጎች ጀርባዋን አይነኩትም። ትዘርፋለች ብል አልተሳሳትኩም። ለፓሽን የምትስማማው እንጨት የምትበሳዋ ትልቋ ጥቁር ንብ ናት። እሷ ስትገባ ጀርባዋ ከብናኙም ከዘንጎቹም ጋር ይተሻሻል።

አክስቴ ይሄን ስትሰማ ወደ በረንዳው ቋሚ ዞር ብላ አየች። በየዓመቱ እነዚያን ቀዳዳዎች በጭቃ ታስደፍን ኖሯል። ቤቱን ይጥላሉ ብላ ነው፣ መፍራቷም ልክ ነው፣ ቋሚ ይቦረቡራሉ። መፍትሄው ከቤት ራቅ አድርጎ ሌላ ቤት መስጠት ነው። ሁለት ደረቅ የቆየ ግንድ ከሐረጉ ጀርባ አጥር ጥግ ላይ አቆምን። በመጋቢት አንዱ ላይ ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ ተገኘች፣ ከሥሯ ደግሞ የእንጨት ብናኝ።

አዲሶቹ ሐረጎች

ዘላቂው መፍትሄ የተለየ ሐረግ መጨመር ነው። ዘር ከሁለት ቦታ ወሰድን። ከጅሬን መንገዱ ፍሬ፣ ሌላው ከገበያ ከተገዛ ፍሬ። የጅሬኑ ዘር ለአክስቴ ሐረግ ዘመድ ስለሆነ ከፊሉ ላይስማማው ይችላል። ስለዚህ አንድ ችግኝ አይበቃም። አራት ያዝን።

ዘሩን ከነጭማቂው ጨርቅ ላይ አሽተን አጥበን፣ ሳይደርቅ ወዲያው ዘራነው። የቆየ ዘር ለመብቀል ያንገራግራል። በሦስተኛው ሳምንት ብቅ አለ። በሚያዝያ መጨረሻ ችግኞቹ ሁለት ስንዝር ሲሆኑ ተከልናቸው፣ በመካከላቸው ሦስት ሜትር እየተውን። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ነው። የላይኛውን አፈር ከበሰበሰ የቡና ገለፈትና ከትንሽ ፍግ ጋር ቀላቅለን መለስነው፣ ዙሪያውን ከፍ አድርገን። ጅማ ላይ ይሄን ከፍታ የረሳ ሰው ነሐሴ ላይ ችግኙን ይቀብራል። ገለፈት ከላይም አለበስነው፣ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ክንድ አርቀን። ግንዱን ከነካው ያበሰብሳል።

ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው፣ ሽቦው ሁለት ሜትር ላይ። አንድ ዋና ቀንበጥ ብቻ ሽቦው እስኪደርስ ይተዋል፣ የጎን ቀንበጦች ይቆረጣሉ። ሽቦው ላይ ሲደርስ ጫፉ ይቀነጠባል፣ ግራና ቀኝ ይሄዳል። አበባ የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ ከምርት በኋላ ማሳጠር ይጠቅመዋል። ማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ የተከመረውን አሮጌውን ጫካ ግን አክስቴ አላስነካም አለች። የቡናዋ ጥላ ነውና ልክ ናት፣ ቀጭኑን ብቻ አሳሳነው።

ምን ሆነ

ነጭ ክር ያላቸው ሰባቱ የካቲት 2016 ላይ መብሰል ጀመሩ፣ ከተቀቡ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሲሆናቸው። ፍሬው በሁለት ሦስት ሳምንት ሙሉ መጠኑን ይይዛል፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። አይቀጠፍም። ሲበስል ራሱ ይወድቃል፣ የወደቀውን ማንሳት ነው። ያልበሰለው ለልጆች ጥሩ አይደለም፣ መርዛማነት አለው።

ከሰባቱ ሁለቱ ቀላል ሆነው ተገኙ። ሲቆረጡ ግማሻቸው ባዶ ነው። ግቢ ጠራጊው ልጅ ሁለቱን እሱ እንደቀባቸውና አንዷን ዘንግ ብቻ እንደነካ ነገረኝ። እያንዳንዱ ዘር ብናኝ ይፈልጋል። ብናኝ ሲያንስ ዘር ያንሳል፣ ዘር ሲያንስ ጭማቂው ያንሳል። ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም ሳይነካ አያልፍም።

ከአዲሶቹ አራት ችግኞች አንዱ በክረምቱ ውሃ ተኝቶበት ሞተ። ሦስቱ በታኅሣሥ 2017 አበቡ። በዚያው ወር በአሮጌው ሐረግ ላይ ማንም ሰው ያልነካቸው፣ ክር የሌለባቸው ፍሬዎች ተገኙ። አክስቴ ደውላ «ቁጠር ብትለኝ አልችልም» አለችኝ።

እነዚያ ፍሬዎች በስለው መውደቅ ሲጀምሩ ሐጂ ቁራጭ ፈልገው መጡ፣ ከአዲሶቹ አንዱን አይተው። አክስቴ ከወደቁት ፍሬዎች አራቱን በፌስታል አድርጋ ሰጠቻቸው። «ቁራጭ አልሰጥም፣ ሐጂ» አለቻቸው። «ጁሱን ይጠጡ፣ ዘሩን ይዝሩ። ከአራቱም ፍሬ፣ እሺ?»